የእትዬ ስንዱ ይቅርታ

ያልተፈረመ ቃል እንደ ቃል በማይቆጠርበት በዚያ ዘመን፣ እትዬ ስንዱ ከሦስት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ለልጃቸው ለይርጋ «ይቅር ብዬሃለሁ፤ እሑድ ምሳ ና» ብለው ኢሜይል አስጻፉ። አውራ ጣታቸውንም ስክሪኑ ላይ አሳርፈው ፈረሙ። ጻፊው ጎረቤታቸው ደለለኝ ግን ዝም ብሎ መላኩን ነውር ቆጥሮት፣ ከግርጌው «እኔም ሰላም ብያለሁ» ሲል ጨመረበት።

እሑድ ይርጋ የሚወደው ጎመን በሥጋ ቀርቦ በረደ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ደወለ።

«እማዬ፣ አንድ አጭበርባሪ በስምሽ ይቅርታ ላከልኝ። ደግነቱ የኢሜይል ፕሮግራሙ ነቃበት። ከተፈረመ በኋላ ተነካክቷል ይላል።»

«አጭበርባሪው ደለለኝ ነው፤ ሰላም ሊልህ ብሎ። ይቅርታው የኔ ነው።»

«በምን አውቃለሁ? ድምፅሽንም ቢሆን ዘንድሮ ማሽን ይሠራዋል። ፈርመሽ ላኪልኝ።»

እትዬ ስንዱ አምጠው የወለዱት ልጅ የእናትነት ማስረጃ ሲጠይቃቸው ሳቃቸው መጣ።

«እሺ የኔ ጌታ፣ ስልኩን እንዳትዘጋው» አሉት። ደለለኝን ጠርተው በሹክሹክታ አስጻፉና ፈረሙ፤ እሱም በዚህኛው ላይ ሰላምታ ሳይጨምር ላከው። መልእክቱ እንዲህ ይል ነበር፦

«የሰጠሁህን ይቅርታ ወስጃለሁ። አትምጣ።»

የይርጋ ድምፅ ፈካ።

«ይኸው ፕሮግራሙ አረንጓዴ ምልክት አሳየኝ፤ አሁን ያንቺው ነው» አለ፣ ገና ሳያነበው።