የፋራ ግብር

ትርሓስ ሰው ስትንቅ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ማኪያቶዋን ቀስ ብላ ታማስላለች፣ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ትናገራለች።

«ፕሪሚየም ማለት የፋራ ግብር ነው» አለችው የአክስቷን ልጅ ክፍሎምን። «እዚህ አራዳ ተወልደህ አድገህ፣ ፋራ የሚከፍለውን ልትከፍል ነው?»

የተቀመጡት ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ባለች ጠባብ ካፌ ውስጥ ነው። የሥራ ቀን ቢሆንም ትርሓስ ጊዜ አላት። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሰው ሀብት ኃላፊ ናት፤ እረፍት የሚባል ነገር ወጥታ አታውቅም ነበር። ዘንድሮ ግን ሥራ አስኪያጁ አቶ ሉልሰገድ ራሳቸው ቢሮዋ ድረስ መጥተው፣ «የተጠራቀመ ፈቃድዎን በሙሉ ይውሰዱ፤ ቁልፎቹን ለረዳትዎ ለሄኖክ ያስረክቡና ማንም ሳይረብሽዎ ይረፉ» አሏት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ከቢሮ የደወለላት የለም። እንዲህ የሚከበር ሠራተኛ ስንት አለ እያለች ለዘመድ ለጎረቤቱ አውርታዋለች።

ክፍሎም ደግሞ እረፍት አንገሽግሾታል። እሷን አይቶ ነው የእሷን ሙያ የተማረው። ይሠራበት የነበረው ሆቴል ሲዘጋ ቤት ዋለ። ሚስቱ ሉዋም መውለጃዋ ተቃርቧል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ ይወጣል።

«እትዬ፣ የሥራ ልምዴን ባስቀመጥኩበት ሊንክድኢን ላይ አንድ ሰው ገጼን እየደጋገመ ያየዋል» አላት። «ስሙን ግን አያሳየኝም። ፕሪሚየም የሚሉትን ክፍያ ካልከፈልኩ አላየውም፤ የእኔ ካርድ ደግሞ ለውጭ ክፍያ አይሠራም። ለናይሮቢው ሥልጠና ያወጣሽው ካርድ ይሠራ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ስሙን ካላሳየህ ምኑን አሳየህ?»

«አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ነው ይላል።»

ትርሓስ በአፍንጫዋ ሳቀች። «በዚህ ከተማ አስመጪ ያልሆነ ማን አለ? በር ላይ የተቀመጠው ሊስትሮ እንኳ ቀለም ያስመጣል።»

«መልእክትም ደርሶኛል» አለ ክፍሎም። ይህን ሊነግራት አላሰበም ነበር።

በቴሌግራም የጻፈለት፣ ሠራተኛ አፈላላጊ ነኝ የሚል ሰው ነው። ትርሓስ ስልኩን ተቀብላ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው አስካለ እስክትሰማ ድረስ ጮክ ብላ አነበበችው። በሙያው ጥሩ የኃላፊነት ቦታ አለ ይላል። የድርጅቱ ስም ለጊዜው አይገለጽም። ቃለ መጠይቁ ነገ ጠዋት ነው፣ ያውም ቢሮ ሳይሆን ሆቴል ውስጥ። ነገሩን ለማንም እንዳይናገር በትሕትና ይለምነዋል።

«ስም የለው፣ ቢሮ የለው፣ ለማንም አትናገር ይላል። ሌባ ከዚህ ሌላ ምን ይመስላል?»

ዶሮ ማነቂያ ሳሉ ጎረቤታቸው የነበረችውን ፀደንያን አነሳችበት። ፀደንያንም እንዲሁ ነበር የጀመሯት። ገጽሽን አየነው፣ ወደድንሽ አሏት፤ ቀጥሎ ለምዝገባ፣ ቀጥሎ ለሕክምና ምርመራ እያሉ የእናቷን የአንገት ሐብል አሸጧት። እስካሁን እናቷ አላወቁም።

«እኔን ገንዘብ አልጠየቁኝም» አለ ክፍሎም።

«ይጠይቁሃል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀጥርና ሳሰናብት የኖርኩ ሴት ነኝ። ጨዋ ድርጅት ማስታወቂያ ያወጣል፣ በሩ ላይ ይለጥፋል። ተደብቆ ሰው የሚፈልግ ሌባ ብቻ ነው።»

«ሉዋም ትናንት ሳነብላት ደስ ብሏት ነበር።»

«ሉዋም ሆድ የባሳት ልጅ ናት፤ ምን ቢነበብላት ደስ ይላታል። አንተ ግን የተማርክ ነህ ብዬ ነበር።»

ክፍሎም ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። ትርሓስ አልመለሰችለትም። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣ በአውራ ጣቷ ፊደል በፊደል ጻፈችና ላከችው፤ «ሌላ ፋራ ፈልግ።»

«እትዬ፣ ምን አደረግሽ?»

«አዳንኩህ።»

መልሱ ብዙም አልቆየም። ሰውየው አልተሳደበም። ስላስቸገርንዎ ይቅርታ፣ ከእርስዎ ቀጥሎ ያሉትን እጩ እናነጋግራለን ይላል።

«አየህ?» አለች ትርሓስ፣ ለአስካለም ስልኩን ከፍ አድርጋ እያሳየች። «ሌባ ሲነቃበት ትሑት ይሆናል።»

አስካለ ሳቀች። ክፍሎም አልሳቀም። ለሉዋም ምን እንደሚላት እያሰበ በመስኮቱ ወደ መንገዱ አየና፣ «ቢያንስ ገጼን ሲያይ የነበረው ማን እንደሆነ ልወቅ» አለ። «ከዚያ እተወዋለሁ።»

ያሸነፈ ሰው ቸር ይሆናል። ትርሓስ ከቦርሳዋ ካርዷን አወጣች። «ግዴለም፣ እኔ እከፍልልሃለሁ። ይህ ለአንተ ትምህርት ቤት ነው። ልጅህም ሲያድግ አባቱ በማን ሊሸወድ እንደነበር እነግረዋለሁ።» የካርዱን ቁጥር ራሷ አስገባች። ክፍያው መቆረጡን ባንኩ በመልእክት ሲነግራት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ወደ ክፍሎም ገፋችው። «በል፣ ሌባህን በስሙ ጥራው።»

ደብዝዞ የነበረው ፎቶ ጠራ። ክፍሎም ጎንበስ ብሎ ስሙን አነበበው። ድርጅቱንም አነበበ። ከዚያ ስሙን እንደገና አነበበው።

«እትዬ» አለ በቀስታ፣ «አቶ ሉልሰገድ የእናንተ ሥራ አስኪያጅ አይደሉም እንዴ?»