የዶክተር ዙሄይር ዘበኛ

ዶክተር ዙሄይር ሰው መናቅ አይሰለቸውም። በወደብ ከተማዋ በታንጀር ባለው የምርምር ማዕከል ሱፐር ኮምፒውተሩን የሚመጥን ጭንቅላት አንድ ብቻ እንዳለ ያምናል፤ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም።

ማሽኑ ብዙ ሺህ ፕሮሰሰሮች አሉት። ተመራማሪው የሚበቃውን ያህል ይጠይቃል፣ ወረፋ ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ስሌቱ ይጀምራል። አንዳንዱ ታዲያ ብዙ ወስዶ ሥራ ፈት ያስቀምጣል። ዙሄይር ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል።

«አንተ ሺህ በቅሎ አስጭነህ በአንዷ የምትሄድ!» አለው አንድ ቀን አንዱን የድልድይ ተመራማሪ፣ በሰው ፊት። «ሌሎቹን ለሠርግ ነው የያዝካቸው?»

ከዚያ «ዘበኛ» ያለውን ፕሮግራም ጻፈ። ዘበኛው ፕሮሰሰሮቹን ሥራ ያስፈታ ስሌት ካገኘ ያቋርጠዋል። ለምን እንዳቋረጠ ግን አይናገርም። «ሰነፍ ምክንያት ቢነግሩትም አይገባው» ብሎ ያንን ያስቀረው ራሱ ዙሄይር ነው።

ዘንድሮ ወሬ ሰማ፤ ዘበኛው ስሌቱን እንዳይነካው የተደረገ የተመራማሪ ስም አለ አሉ። ማሽኑን ወደምታስተዳድረው ወደ ወይዘሮ ነዝሃ ገሰገሰ።

«ዘመድ አዝማድሽን ከዘበኛዬ ትሸሽጊያለሽ አሉ። ሰርዢ!»

«ሁሉንም፣ ዶክተር?»

«የአባቴ ስም ቢኖር እንኳ!»

ነዝሃ የናና ሻይዋን አስቀመጠች። «ከዚያ በፊት የባሕር ማዕበል ስሌት ፕሮግራምዎን አንድ ቀን አብረን ብናየውስ?»

«የኔን? ካንቺ ጋር?» ሳቀ። «እመቤቴ፣ አንቺ ቁልፍ ያዥ ነሽ። ቁልፍሽን ያዢ።»

አንገቷን ደፍታ ሰረዘች።

የማዕበሉ ስሌት ለዓሣ አጥማጆቹ ወደብ የሚሠራውን ግንብ የሚወስን ነው። ሐሙስ የወደቡ ኮሚቴ ከዙሄይር ንድፍና ከአንድ የውጭ ኩባንያ ንድፍ አንዱን ይመርጣል። ስሌቱ ካላለቀ ሥራው ለውጭ ኩባንያው ነው።

ሰኞ የላከው ስሌት ሳያልቅ ተቋረጠ። ማክሰኞ ደግሞ ላከ፤ ተቋረጠ። ሁለቱንም ጊዜ ነዝሃ መቆጣጠሪያው ፊት ተቀምጣ ነበር።

«በቀል ነው!» አለ ዙሄይር፣ ዳይሬክተሩ አቶ ምፈደል ቢሮ ገብቶ። «ስለተናገርኳት ስሌቴን እያነቀች ትጥልብኛለች።»

«ነዝሃ? እሷ እኮ ጉንዳን እንኳ ቀድሟት እንዲያልፍ የምትቆም ሴት ናት።»

«የሚነክሰው የማይጮኸው ውሻ ነው። ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ።»

አቶ ምፈደል አስጠራት። «ስሌቱን ያስቆምሽው አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ማነው?»

ዙሄይርን አየችው። ፊቷ ቀላ። «እኔ ባልናገረው ይሻላል።»

«ይኸው!» አለ ዙሄይር። «ከዚህ በላይ ምን ትመን?»

ዳይሬክተሩ ከሥራ አሰናበታት፤ ነዝሃ ሻርፗንና የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ይህም ዙሄይርን አናደደው።

ረቡዕ ጠዋት አቶ ሀሙ የሚባል መነጽራም ሰው በወንበሯ ተቀመጠ። ዙሄይር ስሌቱን ላከና ከሀሙ ጀርባ ቆመ። የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ስሌቱ ተቋረጠ።

«የዚያች ሴት እጅ አሁንም እዚህ ውስጥ አለ!» ጮኸ። «ከዘበኛው ትሸሽጋቸው የነበሩትን ስሞች አውጣልኝ። ዘመዶቿ ናቸው፤ ከነሱ ጋር ነው የምትሠራው። ሐሙስ ኮሚቴው ፊት አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ!»

ሀሙ በማሽኑ መዝገብ የተሰረዘውን ዝርዝር ፈለገ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንድ ስም ብቻ ነው፣ ዶክተር፤ የእርስዎ።»