የዳማ ምትክ

«ጀልባ ማለት ጭራ የሌለው ፈረስ ነው» አለች ሀሊሜ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እኔ ደግሞ ዝዋይ ላይ ብቻዬን ቀዝፌዋለሁ። ትልቁን ውሰድ፣ አባዬ!»

ውሸቷን ነው። አምና የአሰላ ተማሪዎች ዝዋይ የወረዱ ዕለት፣ ጓደኞቿ ተሳፍረው ሲንጫጩ እሷ ዳር ተቀምጣ የሰው ጫማ ስትጠብቅ ነበር የዋለችው።

አባቷ ከዲሮ ይህን በምን ይወቅ? የፈረስ ሰው ነው፤ ጥርስ አይቶ ዕድሜ የሚናገር፣ ውሃን ግን ከእንስራ ውጭ የማያውቅ። ዛሬ ላንጋኖ ዳር የመጨረሻ ፈረሱን፣ ዳማን፣ በልጓም ይዞ ቆሟል። አቶ ወልደጻድቅ ወደ ሐረር ሊዛወሩ ነው። ሁለቱን የመዝናኛ ጀልባዎቻቸውን ይዘው አይሄዱም፤ ዳማ ላይ ደግሞ ዓይናቸው ካረፈ ቆይቷል። «ከሁለቱ የወደድከውን ምረጥ፣ ፈረሱን ስጠኝ» ብለዋል። እሁድ እሁድ ከአዲስ አበባ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው እያንሸራሸረ፣ የተመረጠው ጀልባ የከዲሮን ቤት ስድስት ነፍስ ሊያሳድር ነው። ካላሳደረ፣ ፈረስም የለ፣ እንጀራም የለ።

ትልቁ ነጭ ነው፤ ባለሞተር፣ አሥር ሰው የሚይዝ። ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ይንጎራደዳል። ትንሹ ቀለሙ የተላጠ ባለመቅዘፊያ ነው፤ አራት ሰው ቢችል ነው። ከእንጨቱ መሳፈሪያ ጫፍ በገመድ ታስሯል። ሀሊሜ በሐሳቧ ትልቁ ላይ ቆማ፣ የክፍሏን ልጆች ቁልቁል እያየቻቸው ነው።

«ትልቁ ቤንዚን ይጠጣል» አለ ከዲሮ።

«ዳማስ ገብስ ይበላ የለ?»

«ገብሱን እኔ አበቅላለሁ። ቤንዚን አንቺ ታበቅያለሽ?»

አጠገባቸው የቆሙት አቶ ወልደጻድቅ ሰዓታቸውን አዩ። «ቶሎ በሉ እንጂ! ነፋሱ ተነሳ እኮ።»

እውነትም ቡናማው ውሃ መሸብሸብ ጀምሯል። ከዲሮ ልጁን ትኩር ብሎ አያት።

«ፈረስ ውሸታም አይሸከምም። ጀልባም ፈረስ ነው ብለሻል። በይ፣ ትንሹን ቀዝፈሽ ትልቁ ጋ ደርሰሽ ተመለሺ። እውነትም የምታውቂ ከሆነ፣ ትልቁን እንወስዳለን።»

«አልችልም» አንድ ቃል ናት፤ ያቺን አንዷን ቃል ግን አላለቻትም። መሳፈሪያው ላይ ወጣች። እንጨቱ ከእግሯ ሥር ሲጢጥ ይላል፤ በስንጥቁ በኩል ውሃው ወዲያ ወዲህ ሲል ይታያል። ትንሹ ጀልባ ብድግ፣ ቁጭ ይላል።

አባቷ ከልጅነቷ ስለ ፈረስ አወጣጥ ያስተማራት አንድ ነገር ትዝ አላት፦ በግራ በኩል፣ ሳይፈሩ፣ በአንድ ጊዜ። ግራ እግሯን ጠርዙ ላይ እንደ እርካብ አሳረፈችና ቀኝ እግሯን ወረወረች።

ጀልባው ከሥሯ ሸሸ።

ውሃው አናቷ ላይ ገጠመ። አፏ ጭቃ ጭቃ አለው፤ እግሯ መሬት ፈልጎ አጣ። ብቅ ስትል ነፋስ፣ ስትጠልቅ ጨለማ። «ያ ረቢ!» የሚል ድምፅ ሰማች፤ ከዚያ ውሃው በኮቴ ተናወጠ። ዳማ እስከ አንገቱ ገብቷል። ከዲሮ ጀርባው ላይ ሆኖ፣ ከፍርሃቱ የተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ዘርግቷል። እጁን ሳተችው፤ የዳማን ጋማ ግን አገኘች።

ዳር ላይ በግንባሯ ተደፍታ ውሃውን ተፋች። ዳማ ተራግፎ አረጠባት። ቀና ስትል ትንሹ ጀልባ አንድ ጠብታ ሳያስገባ ቀጥ ብሎ ገመዱ ላይ ቆሟል።

«አባዬ» አለች፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «ዳማን አትስጥ።»

ከዲሮ የፈረሱን ግንባር አንድ ጊዜ ዳበሰና ልጓሙን ለአቶ ወልደጻድቅ አስጨበጣቸው። ከዚያ ወደ መሳፈሪያው ሄዶ የትንሹን ጀልባ ገመድ መፍታት ጀመረ።

«ግን እኮ ትልቁ...» አለች ሀሊሜ፣ አፏ አላርፍ ብሏት።

«ትንሹን ነው የምንወስደው» አለ ከዲሮ፣ ዞር ሳይል። «እኔ አሥራ አምስት ዓመት አሳድጌ ያላወቅሁብሽን ውሸት፣ ይሄ ጀልባ በአንድ እግርሽ አወቀብሽ።»