የመለመልኩት ዋንዛ

የወደቀውን የዋንዛ ቅርንጫፍ ድልድይ ከሚሆነን ረጅም ቀርቀሃ ጋር እያሰርኩ ነው። ትናንት በገጀራ የቆረጥኩት ራሴ ነኝ። ቅጠሉ ጠውልጓል፤ ገመዱን ባጠበቅሁ ቁጥር እጄ ላይ ይረግፋል።

ከማዶ፣ ከቢርቢራው ዛፍ ላይ፣ ግልገሉ እንደገና ይጮሃል። ድምፁ ከጠዋቱ ቀጥኗል።

የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ እንደ ጥጥ ነጭ ነው። ይሄኛው ገና አልጠቆረም። ያቀፈችው እናቱ አይደለችም፤ ገና ያልወለደች ወጣት ናት። ትናንት ጠዋት እንደ ልማዳቸው ከእናቱ ተቀብላ፣ ልታጫውተው ወደ ቢርቢራው ወሰደችው። ከሰዓት በኋላ እኔ ገጀራዬን ይዤ መጣሁ።

«እንግዶች እዚህ ድረስ መጥተው ቅጠል አይተው ይመለሳሉ» ነበር ያሉኝ ሥራ አስኪያጁ አቶ አብይ። «እንስሳቱ እንዲታዩ አድርጊ።» እኔም የቡና ጥላ እንደሚመለመለው መለመልኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ሥራ ነው። ከወረድኩ በኋላ ቀና ብዬ አየሁትና ደስ አለኝ። ሰማዩ ታየ።

እናትየዋ አንድ እጅ የላትም። የአዳኝ ወጥመድ ሽቦ ነው የቆረጠው፣ መሬት ላይ ሳለች። ከዚያ ወዲህ መሬት አትወርድም። በአንድ እጅ ደግሞ ያን ያህል ርቀት አትዘልም። ወጣቷም ግልገሉን አቅፋ ለመዝለል አትደፍርም። ይህን የእንስሳት ማቆያ የነደፈችው ሳሮን ዛሬ ጠዋት ከአዲስ አበባ ስትደውል ነው ነገሩን የተረዳሁት። ሁለቱ ዛፎች ቅርንጫፋቸው እንደተያያዘ እንዲቀሩ ብላ ነው አጥሩን በዚያ በኩል ያዞረችው። እኔ የቆረጥኩት የእናትየዋን መንገድ ነው።

«ለአቶ አብይ ነግሬያቸው ነበርኮ» አለች ሳሮን። የቢሮው ስልክ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር እሳቸውም ሰሙ። ጫማቸውን አዩ።

አሁን የራሴ ስልክ ይጠራል። ጎረቤቴ ሀጅራ ናት።

«ልጅሽ ጡጦውን አልይዝ አለች፣ እህቴ። መቼ ነው የምትመጪው?»

«መጣሁ በያት» እላታለሁ፤ ጥርስ ያላወጣች ልጅ ይሄን እንደምትሰማ ሁሉ።

ዘበኛው ጋሽ ቦና ዋንዛው ላይ ወጥተው የቀርቀሃውን ጫፍ በገመድ ይስባሉ። «በዚህ ዕድሜዬ ጦጣ አደረግሽኝ» ይላሉ ከላይ። አልስቅም። ሌላውን ጫፍ ይዤ ቢርቢራው ላይ እወጣለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ወደ ላይ ሳላይ። ወጣቷ ግልገሉን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ጫፍ ትሸሻለች። እንዳትጥለው ፈርቼ ባለሁበት እደርቃለሁ። ግልገሉ የደረቷን ፀጉር በአፉ ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ እንደገና ይፈልጋል። ይጮሃል። ያኔ ወተቴ ይወርዳል። ዛፍ ላይ እንደተንጠለጠልኩ ቀሚሴ ይረጥባል።

ገመዱን አስሬ እወርዳለሁ። እናትየዋ በተቆረጠው ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ተቀምጣለች። በአንድ እጇ ቁርጡን ትዳብሳለች።

አቶ አብይ ከበሩ በኩል እየተጣደፉ ይመጣሉ። «ከዩኒቨርሲቲው የመጡት እንግዶች ደርሰዋል። ለአንድ አፍታ አይተው ይሂዱ።»

«እናትየዋ ሰው ካየች አትሻገርም። ከመሸ ደግሞ ካለችበት አትነቃነቅም። ግልገሉ ሌላ ሌሊት አይችልም፣ አቶ አብይ።»

«እና ምን ልበላቸው?»

«ዘበኛው ቁልፉን ይዞ ዛፍ ላይ ወጥቷል በሏቸው» ይላሉ ጋሽ ቦና ገና እየወረዱ። «ውሸት እንኳ የለበትም።»

አቶ አብይ ሁለታችንንም ያዩናል። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግልገሉን ያያሉ። ወደ በሩ ይመለሳሉ። ጋሽ ቦናም ይከተሏቸዋል።

እኔ ከዛፎቹ አጠገብ ካለው እንሰት ሥር እገባለሁ። ገመዱ ከላላ የሚደርስ ሰው ያስፈልጋል። ጡቴ ስላበጠ በሆዴ መተኛት አልችልም፤ በጎኔ እጋደማለሁ፤ ነጠላዬን ራሴ ላይ እስባለሁ። ከእናትየዋ ጋር ዓይን ለዓይን እንዳትተያዩ ብላለች ሳሮን። ስለዚህ መሬቱን አያለሁ። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የቀርቀሃው ጥላ ፊቴ ላይ ደርሷል፣ ከጠወለገው ቅጠል ጋር።

ግልገሉ ይጮሃል። ዝም ይላል። ይጮሃል።

የቀርቀሃው ጥላ ይጎብጣል።

ከዋንዛው በኩል ሌላ ጥላ ይወጣበታል። በሦስት እግሩ ያነክሳል፤ ረጅሙ ጭራው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ጥቂት ይሄዳል። ቅርንጫፉን ያሰርኩበት ቦታ ሲደርስ ይቆማል። ቋጠሮዎቼን አንድ በአንድ በልቤ እንደገና አጠብቃቸዋለሁ።

ከቢርቢራው በኩልም አንድ ጥላ ይወጣል። ሁለቱ መሃል ላይ ይገናኛሉ፣ ይጣበቃሉ። ጥላ ላይ ነጭ የለም። ልጁ በየትኛዋ ደረት ላይ እንዳለ መለየት አልችልም።

ጩኸቱ ቆሟል። ጠግቦ ይሁን ደክሞ አላውቅም። ትንፋሼን ይዤ አዳምጣለሁ።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ መንዘር ይጀምራል። ሀጅራ ናት። ድምፁ እንዳይሰማ አውጥቼ እርጥብ ደረቴ ላይ በሁለት እጄ እጫነዋለሁ፤ እዚያው እየተንቀጠቀጠ ይቆያል።