መሙያው ሳይፈታ የፈሰሰው ዘይት

"እህቴን የገደላት አምባቸው ነው!"

ይህን ቃል ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተናግሬዋለሁ... በለቅሶ ቤት፣ በገበያ፣ በጽዋ ማኅበር።

አምባቸው የባሌ የአራጌ ታናሽ ወንድም ነው። አራጌ ሲሞት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ትቶልኝ ነበር፤ የሚነዳት አምባቸው ነበር።

ጊዜው ታኅሣሥ ስልሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት... ወሎ የተራበበት ዓመት።

እህቴ ይታይሽ ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ሁለት ልጆቿን ቀብራ ብቻዋን ቀርታለች።

"ሐሙስ ዳገቱን ውጪና መኪና መንገዱ ዳር ጠብቂኝ፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ" ብዬ ላክሁባት።

ረቡዕ ጠዋት መካነ ሰላም ውርጩ ሣሩን እንደ ጨው አንጥቶታል።

አምባቸው ግቢዬ ውስጥ ከመኪናዋ ሥር ተጋድሟል። ከትናንት ወዲያ ወንዝ ስትሻገር የኋላው ዲፈረንሻል ውሃ ገብቶበታል... ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ይንጠባጠባል።

ዲፈረንሻል ማለት በኋላ ጎማዎቿ መካከል ያለው ድብልብል ብረት ነው። ጥርሶቹ በዘይት ውስጥ ይዞራሉ። ከታች የማፍሰሻ ቡሎን አለው፤ ከጎኑ የመሙያ። ዘይቱ ሳይቀየር ብትሄድ ጥርሶቹ ተበልተው መንገድ ላይ ትቀራለች።

"በብርድ የረጋ ዘይት አይወርድም። ቆይ ፍም ላስጠጋለት" አልኩት።

"እትዬ እንቁ፣ ይሄ እኮ ሹሮ አይደለም!"

አጥር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ሳቁ።

"ሹሮንማ የሚያውቅ ያበስለዋል!" አልኩት። እኔ መቼ አፍ አንሶኝ!

ጎረቤቶቹ አሁን በእሱ ሳቁ። ፊቱ ቀላ።

"ስሚ! ወንድሜ ያወረሰሽ መኪናውን እንጂ ሙያውን አይደለም። ከዚህ በኋላ ስለ መኪና አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ!"

እሺ... ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ፍሙን በገል ይዤ ከሥሩ አስጠጋሁ። ብረቱ ሞቀ። አምባቸው የታችኛውን ቡሎን ፈታው፤ ዘይቱም ዥው ብሎ ወረደ።

ማፍሰሻውን መልሶ ዘጋና አዲሱን ዘይት ሊሞላ ወደ መሙያው ዞረ።

መሙያው አልፈታ አለ።

ዝጎ ተጣብቋል። ታገለው... መታው... መፍቻ ቁልፉ እየተንሸራተተ የቡሎኑን ራስ በላው።

መኪናዋ ሆዷ ባዶ ሆኖ ቆመች።

"አብሽሪ እትዬ፣ ደህና መፍቻ ቁልፍ ከላላ ከተማ አይጠፋም። ነገ እመለሳለሁ" ብሎ በእግሩ ሄደ።

ሐሙስ... አልመጣም።

ዓርብ... አልመጣም።

በቅሎዬን በክረምቱ ሸጫታለሁ። በእግሬስ ብደርስ ማን ተሸክሞ ያመጣታል? ዛሬ ይመጣል፣ ዛሬ ይመጣል እያልኩ ከመኪናዋ አጠገብ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አንድም ሰው የግቢዬን በር አልገፋው።

ቅዳሜ ሲመሽ መጣ። እግሩ ደምቷል። ከላላ ቢያጣ ጊዜ ወረኢሉ ድረስ ሄዶ ኖሯል። እንደ ደረሰ ከሥሯ ገብቶ ቡሎኑን ፈታ፣ ዘይቱን ሞላ፣ በአዲስ ቡሎን ዘጋው። እሑድ ማለዳ ተነሣን።

ይታይሽ መንገዱ ዳር አለት ተደግፋ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ተከናንባ... ፊቷን መኪና ወደሚመጣበት አዙራ።

ነክቻት ነው ያወቅሁት።

ለቅሶው ላይ ሰው በተሰበሰበበት ተነሥቼ "እህቴን የገደላት አምባቸው ነው!" አልኩ። መሬት መሬት እያየ አንዲት ቃል አልመለሰም።

በዚያው ዓመት ክረምት ሀገሩ ታመሰ፤ አብዮት ሆነ። በየስብሰባው ሰው ሰውን ሲከስ የእኔም ቃል ተነሣበት... "ነፍሰ ገዳይ" አሉት። አገሩን ጥሎ ወጣ። እኔም መኪናዋን ሸጥኩ። ብቻዬን ቀረሁ፤ ብቻዬንም አረጀሁ።

ያለፈው ማክሰኞ አንዲት ጎልማሳ ሴት በሬን አንኳኳች።

"ሸጋዬ እባላለሁ። ከአጅባር ነው የመጣሁ። የአምባቸው ልጅ ነኝ... አባቴ ባለፈው ሳምንት አረፈ።"

"ነፍስ ይማር እንድልሽ ነው የመጣሽ?" አልኳት። ምላሴን ታውቁታላችሁ።

አልተቆጣችም። ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትታ እጄ ላይ አኖረችው።

ራሱ የተበላ ቡሎን!

"ለእትዬ እንቁ ስጪልኝ ብሎኛል። 'ታውቅ ነበር' አለ። 'ቁልፉን የታችኛው ላይ ሳስገባ አፏን ከፍታ መልሳ ስትዘጋው አይቻታለሁ። እህቷን ቀብራ ይህንንም እንዴት ትችለዋለች? እኔ ልሸከምላት ብዬ ነው ዝም ያልኩ' አለ።"

ቡሎኑ እጄ ላይ ከበደኝ...

እውነቱን ነው። አውቅ ነበር።

አራጌ በሕይወቱ ያን ዘይት ሲቀይር ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይለኝ ነበር፦ "መሙያው እንደሚፈታ ሳታዪ ማፍሰሻውን እንዳትነኪ። ያፈሰስሽውን መመለሻ ታጫለሽ።"

አምባቸው ቁልፉን ከታች ሲያስገባ ይሄ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረ። ዋጥሁት።

ለምን? ጎረቤት ፊት ይፈር ብዬ! ግማሽ ቀን ይፈር ብዬ...

ልጆቼ፣ ክፉ ቃል ብቻ አይደለም ሰው የሚገድል። በኩራት የተዋጠ ደግ ቃልም ይገድላል። እኔ የሰውየውን ስም አፈሰስኩ፤ መሙያውን ግን አንድ ቀን ልፈታ አልሞከርኩም።

በማግስቱ ጠዋት ቡሎኑን በመቀነቴ ቋጥሬ አጅባር በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ተነሣሁ፣ ቡሎኑን ምንጣፉ መሀል አስቀመጥኩ፣ እንዲህም አልኩ፦

"እህቴን አምባቸው አልገደላትም። እኔ እያወቅሁ ዝም ብዬ ነው የገደልኳት።"

እናንተስ... እልህ ይዟችሁ የዋጣችሁት፣ ዛሬ ልትነግሩት የምትፈልጉት ቃል የለም? ሰውየው በሕይወት ካለ ከእኔ ቀድማችኋል። ለማን ነው የምትነግሩት? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።