ከዚህ በላይ አይወጣም

ሬዲዮ ጠጋኙ የእህቱን ኮምፒውተር ከጠዋት ጀምሮ ሲጎረጉር ዋለ። የማዳመጫውን መሰኪያ በአልኮል ጠራረገ፤ ሌላ ማዳመጫም ሰካ። በኮምፒውተሩ የተቀዳው የእህቱ ልጅ ድምፅ ግን ያው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። «እኔ እኮ ትንኝ ስታልፍ የምነቃ ሴት ነኝ» አለች እህቱ ከጀርባው ቆማ፣ መቶ ጊዜ ያለችውን። «ያን ዕለት ንጋት ላይ ምን ዓይነት እንቅልፍ እንደጣለኝ እንጃ። ልጄ እዚህ ላይ ድምፁን ቀድቶ ተሰናብቶኝ ተሰደደ፤ ምን እንዳለኝ ሳልሰማ ባሕር ሊሻገር የተሳፈረባት ጀልባ ሰጠመች ተባለ። እስቲ አንድ ቃል እንኳ አውጣልኝ።»

«ቆይ እትዬ፣ አትቸኩዪ» አለና ለሙከራ ዘፈን ከፈተ። ጩኸቱ ጆሮውን ሊያደነቁረው ደረሰ። ለካስ ማዳመጫው ደህና ነው፤ ልጁ ነው በሹክሹክታ የቀዳው። ጠጋኙ የቅጂውን ድምፅ የሚያጎላውን መስመር ፈልጎ እስከ ጥግ ገፋው። አሁን ቃል በቃል ተሰማው።

«እማዬ፣ ቀስ ብዬ የማወራው እንዳትነቂ ፈርቼ ነው። ብትነቂም ደስ ይለኛል። በርሽ ላይ ትንሽ እቆማለሁ፤ አንዴ ‹ማነው?› ካልሽኝ ሻንጣዬን አስቀምጣለሁ።»



«ተሰማህ እንዴ?» አለች እህቱ ጎንበስ ብላ።

መስመሩን ቀስ አድርጎ ወደነበረበት መለሰው። «አልሆነም እትዬ። ከዚህ በላይ አይወጣም።»

ማዳመጫውን ከራሱ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

«ግድ የለም» አለች። «ትንፋሹ ይሰማኛል።»