በር ያላሳለፈው ቴፕ

ቁም ሣጥን የሚያህለውን ቴፕ ሠርቶ ለመጨረስ ስምንት ወር ፈጀበት። ካሴቱ ሻንጣ ያክላል፤ ቁልፉን ለመጫን ክርን ያስፈልጋል፤ ሲከፈት ደግሞ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማዋል። ዛሬ ለሚከፈተው ኤግዚቢሽን ሊወስዱት የመጡት ተሸካሚዎች ግን በሩ ላይ ቆሙ። ቴፑ ከበሩ በስንዝር ይሰፋል፤ እንዳይፈታ ደግሞ ብረቱ አንድ ላይ ተበይዷል።

«ጋሼ፣ በሩን ሳይለኩ ነው እንዴ የሠሩት?» አለ አንደኛው ሳቁን እየታገለ።

የቴፑ ሠሪ ዝሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በዚህ ቴፕ ምክንያት ማድቤት ስትተኛ የከረመችው ሚስቱ ዝናሽ አንዴ እሱን፣ አንዴ ቴፑን አየችና ወጣች። እህቷ ቤት የሄደች መሰለው። አልፈረደባትም።

ጥቂት ቆይቶ የጭቃው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ። የዶማ ጫፍ ብቅ አለ፤ ከውጭም የዝናሽ ድምፅ ተከተለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከግድግዳው ራቅ በል!»